በጊደር የተመለስኩበት ቀን

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ። ታላቅ ሰው የለበትም፤ ሹመትም ሆነ ጦርነት አይወራበትም። ያለው አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ጊደርና በወባ ንዳድ የታመመች አንዲት እናት ብቻ ናቸው። በዚህ ዕድሜዬ በርቀት ትምህርት አንደኛ ዓመት ተመዝግቤ፣ መምህራችን «ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ነገር ጻፉ» ሲሉን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጨፋ ሜዳ ማሽላ ለመጻፍ ነበር። ስለ ማሽላ መጻፍ ይቀለኛል፤ አንባቢንም አያሳዝንም። ነገር ግን ባለፈው ጥቅምት አሥራ ሰባት የሆነው ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ። የተሳሳትኩት ካለ መምህሬ እንዲያርሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ያን ዕለት ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ልደቴን አከበሩልኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከሚሴ ውስጥ ልደት የሚያከብር ሰው አላውቅም ነበር። ሰው የሚያስታውሰው የተወለደበትን ቀን ሳይሆን የአንበጣውን ዓመት ወይም የቦርከና ወንዝ ገደቡን አልፎ ማሳ የበላበትን ክረምት ነው። ዛሬ ግን ኬክ በባጃጅ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ስሜ በክሬም ተጽፎበታል። ሻማው ሊበራ ሲል የልጅ ልጄ ትንኝ በዝቷል ብላ የትንኝ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ነፋች። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የያዝኩትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከንዳዱ ዓመት በኋላ ሰዎች በጀርባቸው በርሜል ተሸክመው መጥተው የቤታችንን ግድግዳ ሲረጩት እንዲህ ነበር የሸተተው። እናቴ ከተኛችበት መደብ በላይ ያለው ጭቃ ነጭ ሆኖ ቀረ። መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነበር፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው።

«እማዬ» አለችኝ የልጅ ልጄ፤ «መታወቂያሽ ላይ ጥር ነው የሚለው። ለምንድን ነው ጥቅምት ላይ የምናከብርልሽ?»

«የተወለድኩት ጥር ነው» አልኳት። «የተመለስኩት ግን ጥቅምት ነው።»

ኬኩ ተቆርሶ እስኪያልቅ ነገሩን ነገርኳቸው። እዚህም የምጽፈው ያንኑ ነው፤ እነሱ ፊት ከንፈሬ ላይ ደርሶ የመለስኩትን ጨምሬ።

አያቴን አኮ እንላት ነበር፤ በእኛ በከሚሴ ኦሮሞዎች አያት የምትጠራው እንዲህ ነው። የእናቴ እናት ናት። ስሟ ጦይባ ነው፤ ግን ከሚሴ ውስጥ ጦይባ ብሎ የሚጠራት የኬላው ዘበኛ ብቻ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ ወንዶችን ቀድማ የምታልፍ ሴት ነበረች። ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ታደርጋለች፤ ጥቁር ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ ታስራለች፤ የአቡጀዲ ቀሚሷ ታጥቦ ታጥቦ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። ሥራዋ ከአፋር ሴቶች ሰሌንና ቅቤ እየተቀበለች፣ ማሽላና በርበሬ እየሰጠች፣ ሰሌኑን ከሚሴ ገበያ አውጥታ መሸጥ ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ሰሌን በስሙኒ ይገኝ ነበር፤ ስሙኒ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። በስሙኒ አንድ ጠርሙስ ላምባ ተገዝቶ ለሻይ የሚሆን ሳንቲም ይተርፍ ነበር። ሻይ ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር፣ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ጎን ነበር። ባለቤቱ ራዲዮ ስለነበረው ሰው ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር፤ አኮ ግን «ይኼ ሳጥን ሲናገር እንጂ ሲሰማ አላየሁትም» ብላ ታልፈዋለች። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ራሱ ቀስ ይላል።

በከተማው መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ጀርባዋ ላይ ያለውን ጥቅል አይቶ አስቆማት።

«እማማ ጦይባ፣ ምን ይዘዋል?»

«ዕድሜ ነው የያዝኩት፤ ቀረጥ ካለው ቁረጥልኝና ይቅለለኝ።»

«ቅቤ ይሸተኛል እኮ።»

«የምታልበው ላም የሌለህ ሰው ሁሉ ነገር ቅቤ ይሸትሃል። ሚስት አግባ!»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዘበኛውም ሳቀ፤ አኮ ቅቤዋን ይዛ ገባች። ስትሄድ የራሷን ግጥም ታንጎራጉር ነበር።

ቦርከና ሞላና መሻገሪያ አጣሁ፣
ጫማዬን ሰጥቼ ባዶ እግሬን መጣሁ።

ይህችን ሴት ነበር ሞት የሚያስፈራት። ለራሷ አልነበረም የምትፈራው። እናቴ ዘሃራ ከእኔ በፊት አራት ልጆች ወልዳ አራቱንም ቀብራለች፤ አንዱም ዓመት አልሞላውም። አባቴ አሰብ ወደብ ጭነት ለማውረድ ሄዶ በየሁለት ዓመቱ ነበር የሚመጣው፤ ልጅ ሲወለድና ሲሞት ቤት የምትገኘው አኮ ናት። እኔ ስወለድ፣ አኮ እምብርቴ ከመድረቁ በፊት ልትሸጠኝ ወሰነች።

ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ልጅ የማይበረክትላት እናት ልጇን ለሌላ ሴት ትሸጥ ነበር። የምር ሽያጭ አይደለም፤ ልጁ ከእናቱ ቤት አይወጣም። ሞት ልጅን የሚፈልገው በእናቱ ስም እየጠየቀ ነው ይባላል፤ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ካገኘው ትቶት ያልፋል። ሼሁ ይህን ነገር አይወዱትም ነበር። «በአላህ ተመኪ እንጂ» ብለው አኮን ገሠጿት። «እመካለሁ፤» አለቻቸው፤ «እርስዎ ግን አራት ልጅ አልቀበሩም።»

የገዛችኝ አይሻ የምትባል የአፋር ሴት ናት፤ የአኮ ወዳጅ። አፋሮች በበጋ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ይወጣሉ፤ ረግረጉ ዳር ሣር አይጠፋም። በተወለድኩ በሰባተኛው ቀን አኮ አቅፋኝ ወደ ሰፈራቸው ሄደችና ለአይሻ ሰጠችኝ። አይሻ አንድ እፍኝ ጨው አኮ መዳፍ ላይ አደረገች፤ አንጓዬ ላይም የቆዳ ጠፍር አሰረችልኝ። ጥርሴን ስነቅል አኮ ጊደር ከፍላ ልትመልሰኝ ተስማሙ። ከዚያ አኮ ወደ ቤት ይዛኝ ተመልሳ ለእናቴ ሰጠችኝና «አጥቢልኝ» አለቻት። ጊደሯ እስክትሰጥ ድረስ ዘሃራ እኔን «ልጄ» ብላ እንዳትጠራኝ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። እኔም «እማ» እንዳልላት።

እናም እናቴን «ዘሃራ» እያልኩ፣ እንደ ጎረቤት ሰው በስሟ እየጠራሁ አደግኩ። ስሜ አሚና ነው፤ ቤት ውስጥ ግን «አደራ» ይሉኝ ነበር። እናቴ ጠጉሬን ስታበጥር «ነይ የሰው ልጅ፣ ቁጭ በይ» ትለኛለች። ጎረቤታችን ሰይዳ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። እናቴም አብራት ትስቅ ነበር። በበጋ አይሻ ወተት ይዛ ስትመጣ ግን፣ ገና ከበሩ ሳትገባ «ልጄስ እንዴት ናት?» ብላ ስትጮህ፣ እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን እኔ ራሴ ልጆች ወልጄ፣ ሲጠሩኝ «ወይ ልጄ» ስል አፌ ላይ የሚቀመጠውን ነገር ሳስብ ይገባኛል። እናቴ ሰባት ዓመት ያን ቃል ዋጠችው።

አንድ ነገር አኮ ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። «ዘሃራ አንድ ቀን ብትስት፣ 'ልጄ' ብላ ብትጠራሽ፣ እንዳትመልሺላት። አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትሰሚው። ወይ ካልሽ ያውቅሻል። ሰማሽ፣ ኢንተላ?» ኢንተላ ማለት አንቺ ልጅት ማለት ነው። ሰማሁ አልኳት። እኔ የታዘዝኩትን የምፈጽም ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም እንዲያው ነኝ።

የንዳዱ ዓመት ክረምት ላይ የመጀመሪያ ጥርሴ ወለቀ። አኮ ጥርሱን ይዛ እየዞረች ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየችው። ጊደሯ ነበረች፤ ቡሬ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። አፋሮቹ ሲወጡ በታኅሣሥ ልትሰጣት ነበር። እናቴ በጣቷ ወሩን ስትቆጥር አይቻታለሁ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ።

መስከረም ላይ ግን ንዳዱ ገባ። ዝናቡ ብዙ ነበር፤ ቦርከና ሜዳውን ሞልቶ ሲመለስ ኩሬ ኩሬ ትቶ ሄደ። ማሽላው እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም፤ የሚያጭደው ሰው ግን ተኝቷል። ከአንድ ቤት ሦስት ሬሳ ይወጣል። ወፍ ማሽላውን እየበላ የሚጠብቅ ጠፋ። መንገድ ዳር የነበረው ድሬሰር ክኒን ይሰጥ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት አለቀበት። ሰዎች ባዶውን ቆርቆሮ እያዩ ከበሩ አይነሱም ነበር። እናቴ ከመስቀል በኋላ ወደቀች። ጠዋት ይበርዳታል፤ ያለን ጋቢና ሰሌን ሁሉ ተደርቦባት ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከሰዓት በትኩሳት ትነድዳለች። ዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ። ሦስት ሳምንት ሲሞላት እጄን ስትይዘኝ እጇ እንደ ጭራሮ ቀሎ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ትኩሳቱ ትንሽ ለቀቅ ሲያደርጋት አኮን ጠራቻት። እኔ እግሯ ሥር ነበርኩ።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ልጥራት።»

«አይሆንም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ቀስ ብዬ።»

«አራቱን ቀብረሻል። አምስተኛዋን በአፍሽ ልትቀብሪያት ነው?»

«እየሞትኩ እኮ ነው።»

«ማን ነገረሽ? መልአኩ የሚያወራው ላንቺ ብቻ ነው?» አለች አኮ። ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ተነሣችና ሻሿን አጠበቀች። «እሺ። ታኅሣሥን አንጠብቅም። አይሻ ጋ እሄዳለሁ። ልጅሽን ይዤልሽ እስክመጣ እንዳትሄጂ። ሰማሽኝ? እኔ ሳልፈቅድልሽ የትም አትሄጂም።»

«ኢንሻአላህ» አለች እናቴ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ስለነበር ፈገግ ስትል ደማ።

አይሻ ከባቲ ግማሽ ቀን ወደ ቆላ ወርዳ ነበር የምትኖረው። ዓርብ ጠዋት አኮ ጊደሯን ከበረት ስታወጣ ሰይዳ ሮጣ መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? በእግርሽ ከጊደር ጋር? የጭነት መኪና ያዢ፤ ዛሬ ማታ ባቲ ነሽ። ነገ አይሻን ታገኛታለሽ፣ እሑድ ቤትሽ ነሽ።»

«ጊደሯንስ ሾፌሩ ጎን ላስቀምጣት?»

«ተያት! በኋላ ትሰጫታለሽ።»

«ባዶ እጄን ሄጄ ልጅ መልሺልኝ ልበላት?» አለች አኮ። «ሰባት ዓመት ለልጅቷ ጋሻ ሆናታለች። ቃሌ ጊደር ነበር። ጊደር ሳልሰጥ የመለስኳት ልጅ ተመለሰች ይባላል? ሞትን እንዲህ ያታልላሉ?»

አኮ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ዘሃራን ውኃ አጠጫት። ያልኩሽን አትርሺ» አለችኝ። የጊደሯን ገመድ ይዛ በማሽላው መሐል ስትሄድ ጭንቅላቷ ብቻ ይታይ ነበር፤ ከዚያ እሱም አልታየም። እነዚያን ቀኖች በሕይወቴ ስንት ጊዜ በጣቴ እንደቆጠርኳቸው አላህ ያውቃል። በመኪና እሑድ። በጊደር ማክሰኞ።

ሰኞ ከሰዓት ነበር። ሰይዳ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች። በሩ ክፍት ነው፤ ፀሐይ መደቡ ድረስ ገብታለች። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ትኩሳት ላይ ናት፤ ግን አየችኝ፤ እኔን እንዳየች አውቃለሁ።

«ልጄ» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ልጄ።»

ኩባያውን ይዤ ቆምኩ። ውኃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስትለኝ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ግን ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ታዛዥ ልጅ ነበርኩ ብያለሁ። ስዞር እጇ መደቡ ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ለማንም ምንም አልተናገረችም። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አረፈች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የጭነት መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። አኮ ገና በደንብ ሳይቆም ነበር የዘለለችው፤ በረባሶዋ አንዱ መኪናው ላይ ቀረ። ሾፌሩ «እማማ፣ ጫማዎትን!» እያለ ይጮኻል። እሷ ግን አልሰማችውም፤ እየሮጠች ትጣራለች። «ዘሃራ! ዘሃራ! ልጅሽ ናት! ጥሪያት፣ እንደልብሽ ጥሪያት!» አራት ወንዶች ባዶ ቃሬዛ ይዘው ከመቃብር ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቆመች። ከቃሬዛው በራችን ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ቃሬዛው አየች።

በኋላ የነገረችኝ ይህን ነው። ባቲ የደረሰችው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ አይሻም ለገበያ ወጥታ ነበር። አይሻ ጊደሯን ስታይ ጮኸች። «ምን ሆነሻል ጦይባ! ይህን ሁሉ መንገድ ከብት ትነጂያለሽ? በሰው አፍ ብትልኪብኝስ እምቢ ልልሽ ነበር?» እዚያው ግመሎቹ መሐል፣ ቀትር ሳይሆን፣ በሦስት ሰው ፊት «ልጅቷ የዘሃራ ናት» አለች። ከዚያም ተቃቅፈው አለቀሱ። አኮ ሰዓቱን በፀሐይ ነበር የምታውቀው፤ እኔም የዚያን ቀን ፀሐይ መደባችን ላይ የት እንደነበረች አውቃለሁ። እናቴ ሰኞ ከሰዓት ስትጠራኝ እኔ ልጇ ነበርኩ። መመለስ እችል ነበር። ግን ያን ሰዓት ከሚሴ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ማንም ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት አኮ እጄን ይዛ ወደ መቃብሩ ወጣች። አንድ ሽማግሌ «ሴት መቃብር አትወጣም» አሏት። «እንግዲያው መጥተው ያውርዱኝ» አለቻቸው፤ ማንም አልመጣም። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። «ዘሃራ፣ ልጅሽን አምጥቼልሻለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማ በያት።»

አፌን ከፈትኩ። «ዘሃራ» አልኩ።

«እንደሱ አይደለም። እማ በያት።»

አልቻልኩም። ቃሉ አፌ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ደግሞ ትናንት ስትጠራኝ ዝም ያልኩ ሰው ዛሬ በምን አፌ ልጥራት?

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አይሻ በመለሰችኝ ቀን፣ ጥቅምት አሥራ ሰባት፣ አኮ ለአራስ እንደሚሠራው ገንፎ ትሠራልኝ ነበር፤ መሐሉ በቅቤ የተሞላ። «ዛሬ ተወለድሽ፤ አልሀምዱሊላህ በይ» ትለኛለች። እኔም አመሰግናለሁ፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። ከአምስት ልጅ አንዷ ተርፋለች፤ የተረፍኩት በእነሱ ፍርሃትና በእነሱ ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አላምንም፤ የሆነ ሆኖ ምስጋናው አይቀርም። በማግስቱ አሥራ ስምንት ቀን ወደ መቃብሩ ትወስደኛለች። «እስቲ ዛሬ» ትለኛለች። እኔ ዝም እላለሁ። አትቆጣኝም። ስንመለስ ግን ያ ግጥሟ አይሰማም ነበር። ከኬላው ዘበኛ ጋርም መቀለድ ተወች፤ የሰውዬውን ሰላምታ እንኳ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ ነበር የምትመልሰው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማሽላ እያበጠረች ሳለ፣ ቀና ሳትል «በመኪና መሄድ ነበረብኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

እናቴ ስትጠራኝ ዝም ማለቴን ለአኮ አልነገርኳትም። ያውቅ የነበረም ሰው አልነበረም። ለልጆቼም ባለፈው ጥቅምት አልነገርኳቸውም።

በስምንተኛው ዓመት አኮ ራሷ ተኛች። ንዳድ አልነበረም፤ እርጅና ነው። አሥራ ስምንት ቀን ሲደርስ ልትነሣ ሞከረች፤ እግሯ አልታዘዛትም። «ብቻሽን ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሻሽ አስሬአለሁ። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ፣ ከአጠገቡ ያለው ግራር ጥላውን ጥሎበታል። ማንም አልነበረም። «እማ» አልኩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እማ፣ ወይ፤ ወይ፣ ሰምቼሽ ነበር» አልኳት። ብዙ ጊዜ አልኩት።

ስመለስ አኮ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትጠብቀኛለች።

«ጠራሻት?»

«ጠራኋት።»

«ምን አለች?»

አኮን ዋሽቻት አላውቅም ነበር። «ወይ ልጄ አለችኝ» አልኩ።

አኮ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ድምፅዋ እንዴት ነው?» አለች። «ንዳዱ ለቀቃት?»

«ለቋታል፣ አኮ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው መለሰች። የዐሱር ሶላት ሳይሰገድ አረፈች። ዓርብ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1959 ዓ.ም. ነበር።